ተያዥ ያጣው ገጸ ባሕርይ

አገሩን ለቆ፣ ሥራ ሳይዝና የሚያርፍበት ቤት ሳይኖረው ወደ ትልቅ ከተማ የሚገባ ሰው ለልብ ወለድም ሆነ ለተውኔት የተመቸ ገጸ ባሕርይ ነው። ትናንቱ ከኋላው ተዘግቷል፤ ነገው ገና አልተከፈተም። የሚያውቀው ሰው የለም፤ እሱን የሚያውቅም የለም። የያዘው ስንቅ ለስንት ቀን እንደሚበቃ በጣቱ ይቆጥራል። ደራሲ በብዙ ድካም የሚፈጥረውን ግጭት ይህ ሰው በስንቅ አቁማዳው ቋጥሮት ይመጣል።

ሥነ ጽሑፋችንና መድረካችን ይህን ሰው እንዴት ተቀበሉት? ጥያቄው የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። ከነዋሪው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው። በከተማዋ ቴአትር ቤቶች ከተቀመጡት ተመልካቾች መካከል ብዙው ራሱ፣ ወይም አባቱ፣ ወይም እናቱ አንድ ቀን ጠዋት ከአውቶቡስ ወይም ከጭነት መኪና ወርዶ «አሁን ወዴት ልሂድ?» ያለ ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢው በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። ሆኖም ዛሬም እንግዳ ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን በከተማዋ በር ላይ ተቀብለውታል፤ በውድቀቱም ላይ አልቅሰውለታል። በበሩና በውድቀቱ መካከል ያለውን ረጅም ኑሮ ግን እምብዛም አልጻፉለትም።

የዚህ ሂስ ዓላማ ያንን የተዘለለ መካከል ማሳየት፣ ለምን እንደ ተዘለለ መመርመርና መዘለሉ ምን እንዳስከፈለ ማመልከት ነው። ለምርመራው ከመርካቶ የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

መርካቶ ራሱ አዲስ ገቢ ነው

መርካቶን የከተማዋ ጥንታዊ እምብርት አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው ወራሪ የአውሮፓውያንን ሰፈር ከአገሬው ሰው ሰፈር ለመለየት ሲያቅድ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። የገበያው ስም ጣልያንኛ ሆኖ የቀረው፣ አካባቢውም «አዲስ ከተማ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው በገዛ ፈቃዱ አልሄደም፤ ሱቁን ነቅሎ፣ ደንበኛውን አጥቶ፣ ባልለመደው ሜዳ ላይ እንደገና ጀመረ። የዘር መለያያ እንዲሆን የታቀደውን ሜዳ የአገሬው ሰው ከነጻነት በኋላ የራሱ አደረገው። እንግዲህ መርካቶ ከሥሩ ሲታይ በአንድ ጊዜ ቤትና ሥራ ያጡ ሰዎች ያቆሙት ሰፈር ነው።

አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚያርፉበት አውቶቡስ ተራም በዚሁ በአዲስ ከተማ ተመሠረተ። ኋላ ቃሊቲ፣ አስኮና ላምበረት ሌሎች መናኸሪያዎች እስኪከፈቱ ድረስ ከጎጃምም ይምጣ ከወለጋ፣ ከወሎም ይምጣ ከጉራጌ፣ የአውቶቡስ መንገደኛ የከተማዋን መሬት መጀመሪያ የሚረግጠው እዚህ ነበር። የአገሪቱ ትልቁ ገበያና የአገሪቱ ትልቁ በር ጎን ለጎን ሆኑ።

ሰፈሩ የራሱን ቋንቋም አበጀ። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ብረት ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ይባላል። «ተራ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ረድፍ ማለት ነው፤ ወረፋ ማለት ነው፤ ከሌላው የማይለይ፣ ማዕረግ የሌለው ማለትም ነው። አዲስ ገቢው ሦስቱንም በቅደም ተከተል ይማራል። ተራ ሰው ሆኖ ይገባል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ዕድል ከቀናው አንድ ተራ ውስጥ ቦታ ያገኛል። እህል በረንዳና ጎጃም በረንዳ የሚሉ ስሞችም አሉ። በቀን ጆንያ የሚደረደርበት በረንዳ ሲመሽ ሰው ይደረደርበታል፤ «በረንዳ አዳሪ» የሚለው ስም የተወለደው እንዲህ ካለው ኑሮ ነው። ሕዝቡ በስም አወጣጡ የጻፈውን ያህል የአዲስ ገቢን ታሪክ ደራሲዎቻችን ገና አልጻፉም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስት የተለመዱ መልኮች

አዲስ ገቢው በልብ ወለዳችን፣ በመድረካችንና ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በፊልሞቻችን የሚታይባቸው የተለመዱ መልኮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መሳቂያው ባላገር ነው። ፎቁን ቀና ብሎ ሲያይ ኪሱን ይወለቃል፤ የመንገድ መብራቱን ይፈራል፤ አነጋገሩ የሠፈር ልጅ ማላገጫ ይሆናል። ይህ መልክ በተለይ በአጫጭር የመድረክ ቀልዶች ብዙ ኖሯል። ሣቁ የሚመጣው ከከተሜው ወገን ነው፤ ተመልካቹ «እኔ እንዲህ አልነበርኩም» ብሎ እንዲረሳ ይረዳዋል። ቀልደኛው ሰውየው ፎቁን ቀና ብሎ ሲያይ ያየዋል፤ ሰውየው ሲመሽ የት እንደሚያድር ግን አይጠይቅም።

ሁለተኛው የወደቀችው ሴት ናት። ከገጠር ትመጣለች፤ ትታለላለች፤ በሚቀጥለው ትዕይንት መጠጥ ቤት ናት። ይህን ዓለም በእውነት የጻፉ ሰዎች አሉ። ተስፋዬ ገሠሠ «የሺ» በተባለው ተውኔቱ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ የውቤ በረሃን ሌሊት በሣለበት «ሌቱም አይነጋልኝ» ሰውን በሰውነቱ አይተዋል፤ ሁለቱም ስለ መርካቶ ባይጽፉም ለከተማዋ ሌሊት ድምፅ ሰጥተዋል። ችግሩ ያለው ፈለጋቸውን ተከትለናል በሚሉት ዘንድ ነው። ከአውቶቡሱ ወደ መጠጥ ቤቱ በአንድ እርምጃ ይሻገራሉ። በመካከሉ በሰው ማድቤት ወለል ላይ የተኛችባቸው ዓመታት፣ በእህል በረንዳ እህል ያበጠረችባቸው፣ በበርበሬ ተራ በርበሬ የቀነጠሰችባቸው ቀኖች፣ ከደመወዟ ለደላላ የቆረጠችው ገንዘብ አይታዩም። ስለዚህ ውድቀቷ የዕጣ ፈንታ ይመስላል፤ የሥራና የኪራይ፣ የውልና የክህደት ውጤት መሆኑ ይሰወራል።

ሦስተኛው መልክ ባለጸጋው ሊስትሮ ነው። በባዶ እግሩ መጥቶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ሱቅ በደረቴ አዙሮ፣ በመጨረሻ የትልቅ ሱቅ ጌታ ይሆናል። መርካቶ ለዚህ አፈ ታሪክ እውነተኛ ምስክሮች አሏት፤ እንዲህ ያደጉ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ግን ታሪኩ ሲነገር «ታታሪ ነበር» ከሚለው አያልፍም። ታታሪነት ብቻ ቢበቃ ኖሮ በየበረንዳው ጆንያ ሲሸከም ያረጀው ሰው ሁሉ ሀብታም በሆነ ነበር። ከሁለቱ ሊስትሮዎች አንደኛው ለምን ሱቅ ከፈተ፣ ሁለተኛው ለምን ሣጥኑን ይዞ አረጀ? ሥነ ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ አፈ ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

የእነዚህን ሦስት መልኮች ድክመት ሲያነሡ የታላላቆቹን ሥራ መዘንጋት አይገባም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በተባለው የግጥም መድበሉ ውስጥ «አይ መርካቶ» ብሎ ለገበያው ራሱን የቻለ ግጥም ሰጥቶታል፤ ሰፈሩ የቅኔ ጉዳይ መሆኑን ያስመሰከረ ሥራ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አዲስ አበባ የማምለጫ አቅጣጫ ናት፤ ፍቅረኞቹ ግን አብረው ሊኖሩባት ሳይታደሉ በመንገድ ይቀራሉ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ ጉዞውን ገልብጦ የከተማውን ተማሪ ወደ ገጠር ይወስደዋል። ገበያውን በቅኔ አይተነዋል፤ ወደ ከተማ የሚያመራውን መንገድ በልብ ወለድ ተጉዘነዋል፤ ከከተማ ወደ ገጠር የሚወስደውንም እንዲሁ። ሰውየው ከተማ ደርሶ የሚኖርበት የመጀመሪያው ዓመት ግን ክፍት ቦታ ሆኖ ቀርቷል።

በመካከል ያለው ነገር

ያ ክፍት ቦታ ምን ይዟል? አንድ ቃል ይበቃል፤ ተያዥ። አዲስ ገቢው «ምን ሥራ ትችላለህ?» ከመባሉ በፊት «ተያዥ አለህ?» ይባላል። ቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ተያዥ ትጠራለች፤ የሱቅ ሠራተኛም እንዲሁ። ዕቃ ቢጠፋ፣ ገንዘብ ቢጎድል፣ ሰው ቢሰወር «እኔ አለሁ» የሚል ሌላ ሰው መኖር አለበት። አዲስ ገቢው ድኻ መሆኑ ብቻ አይደለም ፈተናው፤ በእሱ ፋንታ የሚጠየቅ ሰው የለውም። ሥራ ለማግኘት ተያዥ ያስፈልገዋል፤ ተያዥ ለማግኘት የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰው ለማወቅ ከተማው ውስጥ መኖር አለበት፤ ለመኖር ሥራ ያስፈልገዋል። ይህን ቀለበት የሚሰብረው ማን ነው? በምንስ ዋጋ?

የመርካቶ ኑሮ መልሱን ሠርቶ አሳይቷል። አዲስ ገቢው የአገሩን ልጅ ፈልጎ ከተራ ወደ ተራ ይዞራል። ያገኘው የአገር ልጅ የጫማ መጥረጊያ ሣጥን ያውሰዋል፤ ወይም ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ያስተዋውቀዋል። ጫኝና አውራጆቹ በየተራው ድንበር አላቸው፤ ባልተፈቀደለት ተራ ሸክም ያነሣ ሰው ወዮለት። ማደሪያውን በሱቅ ወለል፣ ከባንኮኒው ሥር ወይም በቆጥ ላይ ያገኛል። ከሰነበተ ዕቁብ ይገባል፤ እዚያም ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። በመጨረሻ እድር ይገባል፤ በከተማ ውስጥ ያለ ቤት መኖር ያስፈራል፤ ያለ ቀባሪ መሞት ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራልና። የእድር መስፋፋት ከአዲስ አበባ ስደተኞች ኑሮ ጋር የተያያዘ መሆኑን የኅብረተሰብ ጥናት ሰዎች በሰፊው ጽፈውበታል። ሥራ፣ ማደሪያ፣ ቁጠባ፣ ቀብር፤ አራቱም በሰው ቃል ላይ የቆሙ ናቸው።

የዚህ ትስስር ጉልበት ከሰፈር አልፎ አገር ይደርሳል። በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች፣ ብዙዎቹም የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ። ቀድሞ የመጣው ሰው በላብ ያጠራቀመው ገንዘብ መንገድ ሆነ፤ ያ መንገድ ደግሞ ተከታዩን አመጣ። ይህን የመሰለ ትልም የትኛው ልብ ወለድ ፈጥሯል?

ነገሩ መልካም ገጽታ ብቻ እንደሌለው ግን መታወቅ አለበት፤ ድራማውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ተያዥ የሆነ ሰው ባለ ዕዳ ያደርጋል። የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር እያደረ ለዓመታት ያለ ደመወዝ የሚሠራው ወጣት ተጠልሏል ወይስ ተበዝብዟል? ሁለቱም እውነት ነው፤ አጎቱም ወጣቱም ያውቁታል፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ተያዥ የሆነላት ደላላ አንዲትን ልጅ ከቤት ቤት ሲያዘዋውር በየጊዜው ድርሻውን ይቆርጣል። የአገር ልጅ የሌለው ሰው፣ ቋንቋው የተለየበት፣ ከወገኑ ተጣልቶ የወጣው ደግሞ ከትስስሩ ውጭ ቀርቶ በረንዳው ላይ ያድራል። ፍቅርና ብዝበዛ፣ መጠለያና እስራት በአንድ ቃል ውስጥ ተቋጥረው ሲገኙ ጸሐፌ ተውኔቱ ሌላ ምን ግጭት ይፈልጋል?

ዘመንም ቃሉን ለውጦታል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ቀበሌዎችም ሲቋቋሙ፣ አዲስ ገቢው የሚፈልገው ተያዥ ከሰው ወደ ወረቀት ተሸጋገረ። ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ፣ ለመንገዱ የይለፍ ወረቀት፣ ለኑሮው መታወቂያ ያስፈልገው ጀመር። በርካሽ ኪራይ የተያዘው የቀበሌ ቤት የተከራየውን ድኻ ከመፈናቀል ጠበቀው፤ ገና ለሚመጣው ሰው ግን በሩ ጠበበ። የቀረው መንገድ ደባልነት ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በመጋረጃ ተከፍሎ፣ የሌላውን ቤተሰብ ሳል እየሰሙ፣ ስማቸው በቤቱ ቁጥር ሳይመዘገብ የኖሩ ደባሎች ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ሲለወጥ፣ ኪራዩ ሲንር፣ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ፎቅ ሲተካባቸው ደግሞ ቆጡም በረንዳውም ደባልነቱም አብረው ይፈርሳሉ። አዲስ ገቢው ግን መምጣቱን አልተወም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘመን «ተያዡ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የዚያን ዘመን ኅብረተሰብ መመርመር ነው።

ሌሎች እንዴት ጻፉት?

የሌላው ዓለም ደራሲዎች ይህን መካከል እንዴት እንዳዩት ለማነጻጸር ሁለት ሥራዎች ይበቃሉ።

ቻይናዊው ላኦ ሺ እ.ኤ.አ. በ1936 እና 1937 በመጽሔት ባወጣው የሪክሾ ጎታቹ ልብ ወለድ ወላጆቹንና መሬቱን አጥቶ በ18 ዓመቱ ቤይፒንግ የገባ ወጣት አለ። ደራሲው ልጁ ስለ ከተማዋ ምን እንደ ተሰማው በመዘርዘር ጊዜ አያጠፋም። ሪክሾ በቀን ስንት እንደሚከራይ፣ ጎታቹ በሪክሾው ባለቤት ግቢ እንዴት እንደሚያድር፣ የራሱን ሪክሾ ለመግዛት ስንት ዓመት እንደሚቆጥብ ይነግረናል። ልጁ ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ ሪክሾውን ይገዛል፤ ወታደሮች ይቀሙታል። አንባቢው ልቡ የሚሰበረው ዋጋውን ስለሚያውቅ ነው። የእያንዳንዱን ሳንቲም አመጣጥ ያልነገረ ደራሲ ሳንቲሙ ሲቀማ አንባቢን ሊያስለቅስ አይችልም።

ሴኔጋላዊው ሴምቤን ኡስማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሠራው «ቦሮም ሳረት» በተባለ አጭር ፊልም የአንድ የዳካር ባለ ጋሪን አንድ ቀን ብቻ ያሳያል። ባለ ጋሪው ለጋሪ ወደ ተከለከለው የሹማምንት ሰፈር ገብቶ ጋሪው ይወሰድበታል። ፊልሙ ሀያ ደቂቃ ያህል ቢሆንም ከተማው የማን እንደ ሆነ፣ መስመሩ የት ላይ እንደ ተሠመረ፣ መስመሩን የሣለው ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ያለ ንግግር ይረዳል። ወራሪ በአራዳና በአዲስ ከተማ መካከል ያሠመረውን መስመር የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሁለቱም ሥራዎች አንድ ነገር ያስተምራሉ። አዲስ ገቢን በሐዘኔታ መጻፍ ቀላል ነው፤ በዝርዝር መጻፍ ግን ያከብረዋል። የዕለት ሒሳቡ የተጻፈለት ሰው በአንባቢ ዓይን የሚያስብ፣ የሚመርጥ፣ የሚሳሳት ሰው ይሆናል።

በቤታችን ያለው ምሳሌ

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ የአገራችን ኪነት ራሷ በአዲስ ገቢዎች የቆመች መሆኗ ነው። ልጅነቱን በወሊሶ ያሳለፈው ጥላሁን ገሠሠ ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። ልቡ በሙዚቃ የተወሰደው ልጅ ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ፤ ቱሉ ቦሎ አክስቱ ዘንድ አድሮ ሳለ ተይዞ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። በወሊሶ የቆየው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር፤ እንደገና ተነሥቶ በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ከተማው ገባ። መጀመሪያ የቀጠረውም የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለድምፁ ማሞገሻ ነው። እውነት ነው፣ ድምፁ ልዩ ነበር። ታሪኩን በተያዥ ዓይን ላየው ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ሥራና ቤት ሳይኖረው የመጣ ልጅ በር ሲያንኳኳ የከፈተለት የጥበብ ቤት ነበር፤ ተያዡም እሱው ሆነ። ያ በር ባይከፈት ኖሮ ያ ድምፅ በየትኛው በረንዳ ላይ ይቀር እንደ ነበር ማንም አያውቅም። ዓለማየሁ እሸቴ ከተማይቱን በዘፈኑ ርእስ ሳይቀር «አዲስ አበባ ቤቴ» ብሎ ሲጠራት ሺህ አዲስ ገቢዎች አብረው ያዜሙት ገና ያልተከራዩትን ቤት እያሰቡ ነበር ማለት ይቻላል። ዘፈኑ ለመዘፈን ደፍሯል፤ ልብ ወለዱና ተውኔቱ ግን ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «የኪራይ ዋጋና የሸክም ድንበር የጋዜጣ ጉዳይ ነው፤ ኪነ ጥበብ የሰውን ነፍስ ትመረምራለች» የሚል ነው። ነገር ግን የሰው ነፍስ በባዶ ሜዳ አትኖርም። ወጣቱ ለአጎቱ ያለው ምስጋናና ቂም ከባንኮኒው ሥር ካለው አልጋ ተለይቶ ሊገለጽ አይችልም። ዝርዝሩን የተወ ደራሲ ነፍሱንም ያጣታል፤ በእጁ የሚቀረው «ድኻ ነበር፤ አዘነ» የሚል ደረቅ ወሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአስተዳደር በኩል የሚመጣ ነው። «አዲስ ገቢውን እንዲህ አድርጎ መጻፍ ፍልሰትን ያበረታታል፤ ለከተማው ሸክም ነው» ይባላል። በተለያዩ ዘመናት በረንዳ አዳሪዎች በአፈሳ እየተሰበሰቡ ከከተማዋ ተወስደዋል፤ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። ጥበብ ይህን ሰው ወይ መሳቂያ፣ ወይ ወዳቂ፣ ወይ የዕድል ልጅ አድርጋ ብቻ ስታሳየው ለእንዲህ ያለው አስተዳደር ምክንያት ታቀርብለታለች። መሳቂያውን ማንም ያባርረዋል፤ ወዳቂዋን ማንም ይሰበስባታል፤ የዕድል ልጅ ደግሞ እርዳታ አያሻውም። ይህ ሰው ሠሪ፣ ቆጣቢ፣ ባለ ዕዳ፣ መንገድ ሠሪ፣ ቀባሪ መሆኑን ያየ ተመልካች ግን እንዲህ በቀላሉ አይስማማም። አስተማሪው በክፍሉ ውስጥ፣ የአስተዳደር ሠራተኛው በቢሮው ሆኖ የሚያገኘው ይህንኑ ሰው ነው። ስለ እሱ ያለው ግምት ከየት እንደ መጣ ቢመረመር ብዙው ከመድረክና ከመጽሐፍ የተቀዳ ሆኖ ይገኛል። ደራሲ የሚጠየቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሚጠበቀው ሥራ

ምን ይደረግ? ደራሲያን ወደ ገበያው ሄደው ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ ማለት አይበቃም፤ የጎብኚ ማስታወሻ የጎብኚ ድርሰት ይወልዳል። የሚሻለው ከሰፈሩ የወጡ ጸሐፊዎችን መፈለግ፣ ማስተማርና ማሳተም ነው። የሸክም ሥራ የሠራ፣ በቆጥ ላይ ያደረ፣ በደባልነት ያደገ ብዙ ሰው ዛሬ ፊደል ቆጥሯል። ቀድሞ ሲኒማ ራስ ይባል የነበረው ራስ ቴአትር ከመርካቶ ደጃፍ ሆኖ ለትውልዶች የሰፈሩን ሰው ተመልካች አድርጎ ተቀብሏል፤ ያን ተመልካች ደራሲና ተዋናይ ማድረግ ቀጣዩ እርምጃ ነው። በትምህርት ቤትም ተማሪው ስለ ወላጆቹ የመጀመሪያ ዓመት በከተማ ጠይቆ እንዲጽፍ ቢደረግ የሚሰበሰበው ታሪክ ከብዙ ልብ ወለድ የበለጠ ሀብት ይሆናል። ያን ዓመት የሚያስታውሱ ሰዎች እያረጁ ስለ ሆነ ሥራው ጊዜ አይሰጥም።

የተውኔት ጽሑፍን የሚመረምር ሰውም ከእንግዲህ በእጁ ቀላል መመዘኛ አለ። ከገጠር የመጣ ገጸ ባሕርይ ባጋጠመው ቁጥር ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። የመጀመሪያይቱን ሌሊት የት አደረ? ተያዥ የሆነለት ማን ነው? ዕዳውን እስከ መቼ ሲከፍል ኖረ? ጽሑፉ ለሦስቱ መልስ ከሌለው ገጸ ባሕርዩ ከአውቶቡሱ ገና አልወረደም፤ ደራሲውም ተያዥ አልሆነውም።